የእጅስ ስንት ነው?

ከአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ

በየዓመቱ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ላይ ሌሎች ስለ አገር ፍቅር፣ ስለ ሳይንስ ጥቅምና ስለ ወጣቶች ኃላፊነት ሲጽፉ፣ እኔ ስለ አንዲት ትንሽ የክር ቦርሳ ለመጻፍ መነሣቴ ምናልባት ያስቃችሁ ይሆናል። ቢያስቃችሁም አልቀየምም። ብቻ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ደግሞም ከአንባቢዎቹ መካከል ቦርሳዋን በገንዘባቸው የገዙ ወላጆች ስላሉ ጽሑፌ ለእነርሱም ጭምር ነው። ይህን ስል ግን ልወቅሳቸው አስቤ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ ከወቀሳው ትልቁን ድርሻ ለራሴ እንዳስቀረሁት ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ጥር ወር በወላጆች በዓል ቀን ለእጅ ሥራ ክበባችን ከመረብ ኳስ ሜዳው አጠገብ፣ በባሕር ዛፎቹ ጥላ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛ ተሰጥቶን ነበር። እኛም ጠረጴዛውን ነጭ ዳንቴል አልብሰን በኪሮሽ የሠራናቸውን 11 ቦርሳዎች ደረደርንበት። እያንዳንዷ ቦርሳ ከስምንት ካሬዎች የተገጣጠመች፣ ገበርና ዚፕ ያላት፣ ገንዘብና ቁልፍ የምትይዝ፣ በትከሻ የምትንጠለጠል ናት። ዋጋዋን 150 ብር አልን። ስለ ምን 150 እንዳልን ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል፤ ቁጭ ብሎ ያሰላ አልነበረም። አንዲት ጓደኛችን «150 ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ብንል ሰው ይስቅብናል» አለች፤ እኛም እሺ አልን። ያም ሆኖ አንድ ወላጅ ቦርሳዋን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «ይቺ እኮ ክር ናት፤ መቶ ብር አይበቃትም?» ሲሉ ጠየቁን። አፍረን ዝም አልን። እርሳቸውም ማፈራችንን አይተው ይመስለኛል፣ ሳይከራከሩ ከፈሉ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አሥራ አንዱም ቦርሳ አለቀ።

ደስታችን የቆየው ገንዘቡን እስክንቆጥር ድረስ ብቻ ነበር። ለአንዲት ቦርሳ ክር 90 ብር፣ ዚፕ 25 ብር፣ ለገበር የሚሆን ቁራጭ ጨርቅ 15 ብር፣ በጠቅላላው 130 ብር አውጥተናል። ይህን ገንዘብ ያበደሩን እናቶቻችን ስለ ነበሩ አስቀድመን የእነርሱን 1,430 ብር መለስን። ከተሸጠው ከ1,650 ብር ላይ በእጃችን የቀረው 220 ብር ሆነ። በ220 ብር የአንዲት ቦርሳ ሙሉ ዕቃና የሌላ የአንዲት ቦርሳ ክር ይገዛል፤ ከዚያ አያልፍም። በዚያው ሳምንት ግን ሥራችንን አይተው ወደ ክበቡ ለመግባት ስማቸውን ያስመዘገቡ 23 ተማሪዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም አራቱ ወንዶች ናቸው። የምንሰጣቸው ክር ስላልነበረን «እንጠራችኋለን» ብለን ሸኘናቸው። እስከ ዛሬ አልጠራናቸውም።

ምናልባት አንዳንድ ሰዎች «220 ብርም ቢሆን ትርፍ ነው፤ ምን ያስከፋችኋል?» ይሉ ይሆናል። መልካም ነው። እንግዲያስ ያ ትርፍ የምን ዋጋ እንደ ሆነ እንዲታይ የቦርሳዋን አሠራር ልተርክላችሁ። ኪሮሽ የማያውቅ አንባቢ፣ በተለይም የወንድ ጓደኞቼ፣ ጥቂት ትዕግሥት ያድርጉልኝ።

እኛ ካሬ የምንለውን ሥራ እንግሊዞችና አሜሪካኖች በሴት አያት ስም ይጠሩታል። የሚጀመረው ከመካከሉ ነው። በኪሮሽ አራት የሰንሰለት ዐይን ይሠራና መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ሲያያዝ ትንሽ ቀለበት ይሆናል። በቀለበቱ ላይ ቋሚ ይሠራል። ቋሚ የምለው እናቴ በምትጠራበት ስም ነው፤ ይኸውም ክሩን በኪሮሹ ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥሞ፣ ኪሮሹን በቀለበቱ ውስጥ አስገብቶ፣ ክር ስቦ ማውጣት ነው። በዚህ ጊዜ በኪሮሹ ላይ ሦስት ዐይኖች ይገኛሉ። በመጀመሪያ በሁለቱ ውስጥ፣ ቀጥሎም በቀሩት ሁለቱ ውስጥ ክሩ ሲሳብ አንድ ቋሚ ሆነ። ሦስት ቋሚ ጎን ለጎን ሲቆም አንድ ቤት ይባላል። ከአንዱ ቤት በኋላ ሁለት ሰንሰለት ይሠራል፤ ይህ ማዕዘኑ ነው። እንደዚህ እየተባለ አራት ቤትና አራት ማዕዘን ሲሞላ የመጀመሪያው ዙር አለቀ። በሁለተኛው ዙር በየማዕዘኑ ሁለት ሁለት ቤት ይገባል፤ በሦስተኛው ዙርም በማዕዘኑ እንዲሁ ሆኖ በየጎኑ መካከል አንድ አንድ ቤት ይጨመራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር 12፣ በሁለተኛው 24፣ በሦስተኛው 36 ቋሚ አለ። ሒሳብ የሚወድ ተማሪ የአራተኛውን ዙር ቁጥር ኪሮሽ ሳይነካ ሊነግረን ይችላል። ባለ ሦስት ዙሩ ካሬ በጠቅላላው 72 ቋሚ ሲሆን፣ ስምንቱ ካሬዎች አንድ ላይ 576 ይሆናሉ።

ይህ ሁሉ ግን ደስ የሚለው ክፍል ነው። ቡና ሲፈላ፣ ወሬ ሲወራ፣ እጅ በራሱ ጊዜ ይሠራል። በመሐል ቀይ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ በዳር ጥቁር እያሉ ቀለም መምረጡም ራሱን የቻለ ደስታ አለው። ደስ የማይለው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ዙር በሌላ ቀለም ሲሠራ፣ ሲጀመር አንድ የክር ጫፍ፣ ሲያልቅም ሌላ ጫፍ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በአንድ ካሬ ስድስት፣ በስምንቱ 48 ጫፍ ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ አንድ በአንድ በመርፌ ተሰክተው በሥራው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ መደበቅ አለባቸው። ቦርሳዋን የሚገዛ ሰው ይህን ሥራ አያየውም፤ መልካም ከተሠራ ከቶ አይታይም። እኔ በመጀመሪያ ቦርሳዬ ላይ ይህ ሰልችቶኝ ጫፎቹን በመቀስ ቆርጬ ብቻ ተውኳቸው። ቦርሳዋንም ለታናሽ እኅቴ ሰጠኋት። በሦስተኛው ቀን አንዱ ካሬ ከመካከሉ ተተርትሮ የዳቦ መግዣ ሳንቲሟ መንገድ ላይ ፈሰሰባት። እኅቴ እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ነገር ትወቅሰኛለች።

ከዚያም ካሬዎቹ ውኃ ተረጭቶባቸው፣ በመርፌ ቁልፍ ተወጥረው እኩል ይደረጋሉ፤ አራቱ ለፊት፣ አራቱ ለኋላ ይጋጠማሉ፤ ማንገቻ ይሠራላቸዋል፤ ገበር ይሰፋል፤ ዚፕ ይገባል። ዚፑ ከክሩ ይልቅ ያስቸግራል፤ ክር ይለጠጣል፣ ዚፕ አይለጠጥም። እኔ ሰዓት ይዤ ስቆጥር አንዱ ካሬ 25 ደቂቃ ወሰደብኝ፤ ስለዚህ ስምንቱ ሦስት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሆኑ። ጫፎቹን መደበቅና ካሬዎቹን መጋጠም አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ ማንገቻው 20 ደቂቃ፣ ገበሩና ዚፑ አንድ ሰዓት ፈጀ። ድምሩ ስድስት ሰዓት ነው። ለዚህ ስድስት ሰዓት የተከፈለኝ 20 ብር ነው። በሰዓት ሦስት ብር ከ33 ሳንቲም መሆኑ ነው። ቦርሳዋን የገዙት እናት በመንገድ ላይ አንድ ሲኒ የጀበና ቡና ጠጥተው ቢሆን ከዚያ የማያንስ ይከፍሉ ነበር፤ ቡናዋን ያፈላችውንም ሴት «ይህ እኮ ውኃ ነው» አይሏትም።

ይህን ስሌት ለጓደኞቼ ባሳየሁ ጊዜ አንዱ፣ «በሱቅ እንዲህ ያለው ቦርሳ ከውጭ አገር መጥቶ በርካሽ ይሸጣል፤ በመኪና ስለሚሠራ ነው። ከመኪና ጋር ልትወዳደሪ ነው እንዴ?» አለኝ። እኔም አምኜው ነበር። በኋላ ግን ባነብ ነገሩ እንደዚያ ሆኖ አላገኘሁትም። ሹራብን መኪና መሥራት ከጀመረ ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በ1589 እ.ኤ.አ. ዊልያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ የእግር ሹራብ የሚሠራ መኪና አውጥቷል። ሹራብ ዐይኖቹን ሁሉ በአንድ ረድፍ ከፍቶ ስለሚይዝ ለብዙ መርፌዎች ይመቻል። ኪሮሽ ግን አንዱን ዐይን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ኪሮሹ የሚገባበትን ቀዳዳ ዐይን አይቶ ጣት ዳስሶ የሚያገኘው ሥራ ነው። በመኪና የሚሠሩ ኪሮሽ መሳይ ጨርቆች አሉ፤ አያያዛቸው ግን ሌላ ነው። ለሱቅ የሚሆን እውነተኛ የኪሮሽ ሥራ በብዛት የሚያወጣ መኪና እስከ ዛሬ የለም። እንግዲህ በሱቁ መስተዋት ውስጥ የተሰቀለች በእውነተኛ ካሬ የተሠራች ቦርሳ በርካሽ ከተሸጠች፣ የረከሰችው መኪና ስለ ሠራት አይደለም። በማናውቀው አገር አንዲት እንደ እኔ ያለች ልጅ ወይም እንደ እናቴ ያለች ሴት 48ቱን ጫፍ ደብቃ፣ የተከፈላት እንደ እኔው ሆኖ ይሆናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ሱቅ በኩል ሳልፍ ቦርሳዎቹን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

የዚህ ሥራ ታሪክም ቢሆን ከቦርሳና ከእንጀራ የራቀ አይደለም። ኪሮሽ የምንለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። በታወቀው መጠን፣ በዚህ ስም የኪሮሽ ሥራን የሚያስተምር ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1823 እ.ኤ.አ. በሆላንድ አገር «ፔኔሎፔ» በሚባል መጽሔት ላይ ነው። በዚያም ላይ የአምስት ቦርሳዎች የቀለም ሥዕል ወጥቶ፣ ከአምስቱ ሦስቱ በሐር ክር በኪሮሽ የሚሠሩ ነበሩ። እንግዲህ የእኛ ቦርሳዎች በባሕር ዛፍ ሥር ከመዘርጋታቸው 200 ዓመት በፊት የነበሩ እኅቶች አሏቸው ማለት ነው! ቀጥሎም በአየርላንድ ድንቹ በበሽታ ጠፍቶ ከ1845 እስከ 1852 እ.ኤ.አ. ታላቅ ረኃብ በሆነ ጊዜ፣ ሴቶች መነኮሳት ለድሆች ሴቶችና ልጆች ኪሮሽ አስተማሩ። አንዷ አበባውን፣ ሌላዋ ቅጠሉን ለየብቻ እየሠራች፣ ሌሎች ደግሞ እየገጣጠሙ፣ ሥራው ወደ ውጭ አገር ተሸጦ ብዙ ቤተ ሰብ ቀለብ አገኘበት። በዚያ ጊዜ ኪሮሽ የቤት ማስጌጫ ሳይሆን እህል ነበረ።

የእኛ ካሬ ግን በሌላ መንገድ የመጣ ይመስለኛል። እስከ አሁን ከተገኙት የካሬ ንድፎች ቀደም ብሎ የታተመው በ1885 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የገበሬዎች ጋዜጣ፣ በ«ፕሬሪ ፋርመር» ላይ የወጣው ነው። ካሬ የተወደደበት ምክንያት ቁጠባ ነው፤ ለሌላ ነገር የማይበቃ ትርፍራፊ ክር ሁሉ አንድ ዙር ያወጣልና። እኛ ቤት ያረጀ ሹራብ ተተርትሮ እንደሚሠራበት ማለት ነው። ይህ መልካም ጠባዩ ነው፤ ጉዳቱም ከዚሁ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ክሩ ትርፍራፊ ነውና ሥራውም ትርፍራፊ ይመስላል።

ስሌቴን ይዤ የሄድኩት ለጓደኞቼ ብቻ አይደለም። የኢኮኖሚክስ አስተማሪያችንንም አስቸግሬአቸዋለሁ። እርሳቸውም በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ፣ ዋጋ የሚወሰነው በሠሪው ድካም ሳይሆን በፈላጊውና በአቅራቢው መገናኘት መሆኑን፣ ይህንንም በሁለተኛው ምዕራፍ እንደ ተማርን አስታወሱኝ። «ስድስት ሰዓት ድከሚ ብሎ ያዘዘሽ ማን ነው? ገዢው የፈለገው ቦርሳ እንጂ ድካምሽን አይደለም» አሉኝ። ይህ ቃል ለጊዜው ልቤን ሰበረው፤ ምክንያቱም እውነት አለው። ጉድጓድ ቆፍሮ መልሶ የደፈነ ሰው ስለ ደከመ ብቻ ዋጋ ሊጠይቅ አይችልም። ነገር ግን ማታ መጽሐፌን ገልጬ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁና በማግሥቱ ተመልሼ ሄድኩ። «የኔታ፣ ዕቃው ሁሉ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ካለቀና ያጡ ሰዎች ካዘኑ፣ በዚሁ በሁለተኛው ምዕራፍ መሠረት ዋጋው ከሚገባው በታች ነበር ማለት አይደለምን?» አልኳቸው። ሳቁና «ይህን ከክፍል ነው ወይስ ከገበያ የተማርሽው?» አሉኝ። የኔታ ብዬ የጠራኋቸው ከፍርሃት የተነሣ ነው፤ ቄስ ትምህርት ቤት የነበርኩ ጊዜ መስሎኝ አፌ አመለጠኝ። ክፍሉ ሁሉ ለሳምንት ያህል የኔታ ሲላቸው ሰነበተ።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ለድካም ሁሉ ይከፈል የሚል አይደለም። የእኔ አስተያየት፣ ገዢ የሚገዛውን ነገር ማወቅ አለበት፤ ሻጭም የሚሸጠውን ነገር መናገር አለበት የሚል ነው። እኛ በዚያ ቀን ያልተናገርነው ሠሪዎቹ ነን። ገዢዎቹ ምን ያድርጉ?

አሁን ስለ ራሴ የገባሁት ቃል ደረሰ። ከወላጆች በዓል አራት ወር በፊት፣ በመስከረም፣ ከእናቴ ጋር ገበያ ሄጄ ነበር። ከመንገዱ ዳር አንዲት ሴት ዳንቴሎቿን በላስቲክ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ትልቅ ትሪ የሚያህል ክብ ነጭ የጠረጴዛ ዳንቴል ወደድኩ። 400 ብር አለችኝ። እኔም 250 አልኳት። ትቻት ስሄድ ጠራችኝ፤ ተመልሼ ጥቂት ጨመርኩ፤ ደግሞ ትቻት ሄድኩ፤ ደግሞ ጠራችኝ። በመጨረሻ በ280 ብር ወሰድኩት። እናቴ በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔ ግን እስከ ቤት ድረስ «አወረድኳት!» እያልኩ በኩራት ሄድኩ። ገበያ መከራከር ነውር ነው አልልም፤ የአገራችን ገበያ ያለ ክርክር ምኑ ገበያ ነው! ነገር ግን ከበዓሉ በኋላ ያንን ዳንቴል ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ መቁጠር ጀመርኩ። ሩቡን ብቻ ስቆጥር 640 ቋሚ ሆነ፤ ክቡ ሁሉ ወደ 2,560 ነው። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ኪሮሽ የማላውቅ ሰው አልነበርኩም።

ሴትዮዋን በሌላ የገበያ ቀን ፈልጌ አገኘኋት። እኔ አስታወስኳት እንጂ እርሷ አላስታወሰችኝም። ክሩን ስንት እንደ ገዛችው ብጠይቃት «210 ብር» አለችኝ። «የእጅስ?» አልኳት። ሳቀች። «የእጅማ እኔው ነኝ፤ የእኔን እጅ ደግሞ ማን ጠይቆኝ ያውቃል፣ ልጄ?» አለች።

ይህ አነጋገሯ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም፤ ምክንያቱም የእጅ የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። ጨርቅ ይዘን ወደ ልብስ ሰፊ ስንሄድ መጀመሪያ የምንጠይቀው «የእጅ ስንት ነው?» ብለን ነው። ጨርቁ የእኛ ነው፣ እጁ የእርሱ ነው፤ ሁለቱ አይምታቱም። ሴት አያቶቻችንም ጥጡን ፈልቅቀው፣ ፈትለው፣ ድሩንና ማጉን ለሸማኔው ሲሰጡ ለእርሱ የሚከፍሉት የእጁን ነው። ይህ ሥርዓት ከውጭ አገር የመጣ አይደለም፤ ከእኛው ቤት የነበረ ነው። ታዲያ ስለ ምን በዳንቴል ላይ ሲደርስ ይጠፋል? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሴትዮዋ ክሩንም ራሷ ስለምትገዛ፣ ሥራውንም ቤቷ ተቀምጣ፣ ወጥ እያማሰለችና ልጅ እያባበለች ስለምትሠራ፣ እጇ በክሩ ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል። ልብስ ሰፊው መኪና አለው፣ ሱቅ አለው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሜትር አለው፤ ሲሠራ ይታያል። እርሷ ግን ስትሠራ ያረፈች ትመስላለች። የእኔ እናት እንኳ ኪሮሽ ይዛ ስትቀመጥ «እስቲ ልረፍበት» ነው የምትለው።

በዚህ ሐሳብ ላይ ከክበባችን አባሎች ጋር ብዙ ተከራክረናል። አንዷ ጓደኛዬ፣ «ኑሮ በተወደደበት በዚህ ጊዜ ለአንዲት ቦርሳ 300 ብር ያለው ወላጅ ስንት ነው? ዋጋ ብንጨምር ተሸክመናት ወደ ቤታችን እንመለሳለን» አለች። ይህ ትክክል ነው፤ የሁላችንም ወላጆች እንዴት እንደሚኖሩ እናውቃለን። መልሱ ግን የስድስት ሰዓት ሥራን በቡና ዋጋ መስጠት አይመስለኝም። ሁለት ካሬ ብቻ ያላት፣ አንዱ ለፊት አንዱ ለኋላ ሆኖ በአንድ ቁልፍ የምትዘጋ፣ የሳንቲም መያዣ መሥራት ይቻላል። ዚፕ የላትም፣ ማንገቻ የላትም፤ ዋጋዋ ያነሰው ሥራዋ ስላነሰ ነው። ለማን ያልከሰረ፣ ለማን ያላሳፈረ ነው።

ሌላዋ ደግሞ ከዚህ የጠነከረ ነገር አነሣች። እናቴ ያችኑ ባለ ስምንት ካሬ ቦርሳ የምትጨርሳት በሦስት ሰዓት ነው። እኔ በስድስት ሰዓት ስለ ሠራሁ ገዢው ለመዘግየቴ ሊከፍል ነውን? በዚህ ላይ ተረትቻለሁ። የሚቆጠረው የተማሪ ሰዓት ሳይሆን የለመደ እጅ ሰዓት መሆን አለበት፤ የቀረው ሦስት ሰዓት የእኔ ትምህርት ነው። ስለዚህ የቦርሳዋን የእጅ ሦስት ሰዓት፣ ሰዓቱንም 40 ብር አድርገን 120 ብር አልነው። ከ130 ብር ዕቃ ጋር 250 ብር ይሆናል። በዚህ ዋጋ አሥራ አንዱ ቦርሳ ቢሸጥ ኖሮ የእናቶቻችን ብድር ተከፍሎ 1,320 ብር ይተርፈን ነበር፤ ይኸውም ለአሥር ቦርሳ ሙሉ ዕቃ ገዝቶ ጥቂት ይተርፋል። ካስመዘገቡት 23 ተማሪዎች አሥሩ በዚያው በጥር ኪሮሽ ይይዙ ነበር።

ለሚመጣው ዓመት የወላጆች በዓል ክበባችን እንዲቀበለው ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው። በየቦርሳው ላይ በሚንጠለጠለው ወረቀት አንድ ዋጋ ብቻ አንጽፍም፤ ሁለት መስመር እንጽፋለን። በላይኛው መስመር ክር፣ ዚፕና ገበር ይህን ያህል፤ በታችኛው መስመር የእጅ ይህን ያህል። «ይቺ እኮ ክር ናት» የሚል ሰው ቢመጣ ወረቀቱን አሳይተን፣ አዎን፣ በላይኛው መስመር ላይ ክር ናት እንለዋለን። ሊከራከር የሚወድም ቢኖር ይከራከር፤ ነገር ግን የሚከራከረው በየትኛው መስመር ላይ እንደ ሆነ እያየ ነው። ሐሳቡ በስምንት ድምፅ ድጋፍና በሦስት ተቃውሞ አልፏል። ከተቃወሙት አንዷ ያቺው «ሰው ይስቅብናል» ያለችው ጓደኛዬ ናት፤ ሥራዋ ግን ከሁላችን ይበልጣል፤ የእርሷን ቦርሳ ገልብጣችሁ ብታዩ አንድ የክር ጫፍ አታገኙም።

ከዚህ በቀር የሚያስፈልገን ክር ነው። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት 23ቱን ተማሪዎች፣ አራቱን ወንዶች ጨምሮ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በእጅ ሥራው ክፍል ለመጥራት አስበናል። ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ በቤታችሁ የተረፈ የሹራብ ክር፣ ወይም ክርኑ የተቀደደና ማንም የማይለብሰው ሹራብ ካለ በልጆቻችሁ እጅ ላኩልን፤ ለአንድ ዙር የሚበቃ ቁራጭ እንኳ ቢሆን አንንቅም። የሹራቡ ወገን ሁሉ አይተረተርም፤ ስፌቱ ዳር ዳሩን በመኪና የተቆረጠ ከሆነ ክሩ በየስንዝሩ ይበጣጠሳል፤ በየጎኑ በእጅ የተጋጠመውን ምረጡልን። እኔ ለመጀመሪያ ያህል ከቤታችን አንድ አረንጓዴ ሹራብ ተርትሬ ሦስት ትልልቅ ኳስ ክር አውጥቼበታለሁ። ሹራቡ የአባቴ ነው። አባቴ ይህን መጽሔት ሲያነቡ ያውቁታል።